የእትዬ ብሩሽ ሰባት እንግዶች

እትዬ ብሩሽን በመዝገብ ስሟ የሚጠራት ሰው እኛ መሥሪያ ቤት አልነበረም። እኔ ራሴ ሃያ ስድስት ዓመት አብሬያት ስሠራ፣ ያ መናጢ ደብዳቤ እስኪመጣ ድረስ የአባቷን ስም አላውቀውም ነበር። ብሩሽ ያሰኛት የሥራ ዕቃዋ ነው። ከእጇ የማትለያት ቀጭን ብሩሽ ጫፍ ላይ ያሉት ፀጉሮች ሦስት ብቻ ናቸው፤ የቀሩትን ራሷ በምላጭ መልምላ ትጥላቸዋለች። በእነዚያ በሦስቱ ከአሸዋ ቅንጣት የማይበልጥ ዛጎል ታነሳለች። ስታነሳ ትንፋሿን ትይዛለች፤ አጠገቧ የቆመውም ሰው ሳያውቀው ትንፋሹን ይይዛል። አንድ ጊዜ ማይክሮስኮፗ አጠገብ አስነጥሼ የግማሽ ቀን ሥራዋን በትኜባት፣ ሁለት ሳምንት ሙሉ ፊት ነስታኛለች። እውነቷን ነው።

እኔን ደግሞ በረዶ ይሉኛል። ምድር ቤት ያለው ቀዝቃዛ መጋዘን ጠባቂ ስለሆንኩ ነው ይላሉ፤ አንዳንዶቹ ግን ፊቴ ነው ይላሉ። መጋዘኑ በጋ ክረምት አራት ዲግሪ ላይ ነው። መደርደሪያው ላይ የተኛው ከደቡብ ዋልታ ባሕር ወለል በመርከብ ተቆፍሮ የመጣ ጭቃ ነው፤ በረጃጅም ቱቦ ውስጥ እንዳለ ለሁለት ተሰንጥቆ፣ በላስቲክ ተጠቅልሎ፣ ቁጥር ተለጥፎበታል። ከላይ ያለው ጭቃ የቅርብ ዘመን ነው፤ ወደ ታች በወረድክ ቁጥር ዘመኑ እየራቀ ይሄዳል። የእኔ ሥራ በሩን መዝጋት፣ ቁልፍ መያዝና ማን ምን እንደወሰደ መዝገብ ላይ ማስፈር ነው። ሳይፈርም ቁልፍ የሚያገኝ ሰው የለም። እዚህ ዓረፍተ ነገር ላይ በኋላ እመለስበታለሁ፤ ስመለስበትም ደስ አይለኝም።

አንድ ቀን ምሳ ስንበላ ጠየቅኳት። «አንቺ ሴት፣ ይሄን ጭቃ በወንፊት ስታጥቢ ዕድሜሽ አለቀ። ለመሆኑ ምን ጠፍቶሽ ነው?»

«ካርቦን» አለችኝ፣ አፏ ውስጥ ያለውን ሳትውጥ። «በበረዶ ዘመን፣ የዛሬ ሃያ ሺህ ዓመት ገደማ፣ አየሩ ላይ ያለው ካርቦን ሲሶ ያህል ጎድሎ ነበር። የት ገባ? ጫካ ወሰደው እንዳትለኝ፣ ጫካው ራሱ ያኔ ሳስቷል። ባሕር ነው የዋጠው።» ከፊቷ ያለችውን የለስላሳ ጠርሙስ አነሳች። «ይቺ ስትቀዘቅዝ ጋዟን ይዛ ትቆያለች፤ ስትሞቅ ትተፋዋለች። ባሕርም እንደዚያው ነው። ግን መቀዝቀዝ ብቻውን አይበቃም፤ ክዳን ይፈልጋል።» የጠርሙሱን አፍ በመዳፏ ከደነችው። «ዋልታው ጋ ባሕሩ ከላይ ይረጋና በረዶ ይሆናል። ሲረጋ ጨዉን ወደ ታች ይጥለዋል። ከሥር ያለው ውሃ በጨው ይከብድና ተኝቶ ይቀራል፤ ከላይ በረዶው ተዘርግቶበታል። ካርቦኑ በየት በኩል ይውጣ?»

«እሺ፣ ይሄን ሁሉ ጭቃው ነገረሽ?»

«ጭቃው ምን ያውቃል! ዛጎሎቹ ናቸው የሚያውቁት።»

ከዚያ ቀስ ብላ አስረዳችኝ። ዛጎሎቹ የደቃቅ የባሕር ፍጥረታት ቅርፊት ናቸው፤ አንዳንዱ ከባሕሩ ፊት አጠገብ የኖረ ነው፤ አንዳንዱ ታች ወለሉ ላይ። ሲሞቱ ሁሉም አንድ ጭቃ ውስጥ ይቀበራሉ። የላይኞቹ ሰውነታቸውን የሠሩት ከአየር ጋር በሚገናኝ ውሃ ነው፤ የታችኞቹ ግን አየር ካየ ብዙ ዘመን በሆነው ውሃ። ስለዚህ አብረው የሞቱ ሆነው እያለ፣ ዕድሜያቸው ሲለካ የታችኛው አርጅቶ ይገኛል። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ነው ክዳኑ ስንት ዘመን እንደተዘጋ የሚናገረው። እሷ የላይኞቹን በአንድ ትሪ፣ የታችኞቹን በሌላ ትሪ ትለያለች። ለአንድ ልኬት ብቻ ብዙ መቶ ዛጎል ትለቅማለች። ቦታው ያልሆነ ዛጎል ከገባበት ቁጥሩ ውሸታም ይሆናል። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ከእሷ እጅ ውሸታም ቁጥር ወጥቶ አያውቅም፤ ይሄን እኔ አይደለሁም ያልኩት፣ የሚለኩት ሰዎች ናቸው።

ልጅ አልወለደችም። እህቷ ታማ ስትሞት የስድስት ዓመት ልጇን እሷ ወሰደችው፤ «እማ» እያላት አደገ። ከትምህርት ቤት ሲወጣ ቤት የሚጠብቀው ስለሌለ እኛ ጋ ይመጣ ነበር። ማሙሽ ነበር የምትለው። በአሥር ዓመቱ በርጩማ ላይ ቆሞ ማይክሮስኮፑን ሲያይ ትዝ ይለኛል፤ ብሩሽ ያስያዘችው ያኔ ነው።

አነሳሷን ልንገራችሁ፣ ኋላ ያስፈልገናልና። የሚቀመጡ ዛጎሎች ጥቁር ወረቀት በተለጠፈበት፣ ትናንሽ ቁጥር ያላቸው ሳጥኖች በተሰመሩበት ስላይድ ላይ በስስ ሙጫ ይጣበቃሉ። ሌሎቹ ለቃሚዎች የተጣበቀውን ማንሳት ሲፈልጉ ከጎን ገፋ አድርገው ያላቅቁታል፤ ወረቀቱ ይጫራል። እሷ ግን የብሩሿን ጫፍ በከንፈሯ ታረጥብና የዛጎሉ አናት ላይ ታሳርፈዋለች። ሙጫው እስኪላላ ሃያ ትቆጥራለች። ከዚያ ብሩሹን ወደ ግራ አንዴ ብቻ ታዞረዋለች፤ ዛጎሉ ብድግ ይላል። የሚቀረው ክብ የውሃ ምልክት ነው፣ እሱም በማጉያ ካልሆነ አይታይም። «አትቸኩል ማሙሽ፣ ሃያ ሳትሞላ እንዳትነካው» ትለው ነበር። እኔም ሞክሬያለሁ፤ ሰባት ላይ ስደርስ እጄ ይንቀጠቀጣል። እሱ ግን በሁለት ዓመት ውስጥ እሷኑ ሆነ። ሁለቱ ጎን ለጎን ተቀምጠው ሲለቅሙ እጃቸውን ብቻ ብታዩ ማን የማን እንደሆነ አትለዩትም።

ተማረ፣ ዶክተር ሆነ፣ እኛው ጋ ተመራማሪ ሆኖ ተቀጠረ። የተመረቀ ቀን የሰጠችው ስጦታ ብሩሽ ነበር፤ እጀታው ከራሷ የድሮ ብሩሽ የተቆረጠ፣ ፀጉሮቹን አንድ በአንድ መርጣ ሦስት ያስቀረችበት። ደረት ኪሱ ውስጥ ከእስክሪብቶው ጋር ሰክቶት ይውል ነበር። እንግዳ ፊት ማሙሽ ስትለው ፊቱ ይቀላል። «እማ፣ ቢያንስ ሰው ፊት ዶክተር በይኝ።» «እሺ ዶክተር ማሙሽ።» ሕንፃው በሳቅ ይናጋ ነበር።

አሁን ወደ ነገሩ ልምጣ። ዶክተሩ የያዘው ጥናት ያ የባሕር ክዳን የተከፈተበትን ጊዜ የሚመለከት ነው። የበረዶው ዘመን ሊያልቅ ሲል በረዶው እየሸሸ፣ የታመቀው ካርቦን ወደ አየር መውጣት የጀመረበት ጊዜ ማለት ነው። ከአንዱ የጭቃ ቱቦ፣ ከላይ ሲለካ ሁለት መቶ አሥራ ሁለተኛው ሴንቲሜትር ላይ ያለችው ቁራሽ የጥናቱ ቁልፍ ነበረች። እኛ 212 ነበር የምንላት። ቆርጬ ያመጣሁላት እኔ ነኝ። በሦስተኛው ቀን ጠራችኝ።

«ና እስኪ እይልኝ።»

አየሁ። ግራጫ፣ ጠርዛቸው የተበሳሳ ዛጎሎች መሐል፣ እንደ ሕፃን ጥርስ የነጡ ሌሎች አሉ።

«ነጮቹ የዚህ ሰፈር ልጆች አይደሉም» አለችኝ። «ካርቦን የበዛበት ውሃ ዛጎል ይበላል፤ የዚህ ዘመን ልጆች ሁሉም የተበሉ ናቸው። እነዚህ ግን ምንም አልነካቸውም። ትል ከላይ ቆፍሮ ወርዷል፤ ጉድጓዱ በኋላ ዘመን ጭቃ ሲሞላ እነዚህ አብረው ወርደዋል። የላይኞቹ ትሪ ግማሹ የእነሱ ነው። 212 ተበላሽታለች።»

ለዶክተሩ ነገረችው። እኔ አልነበርኩም፤ እሷ ናት የነገረችኝ። ማይክሮስኮፑን አይቶ «እውነትሽን ነው እማ፣ እንተዋታለን» አላት። ይሄንኑ ማስታወሻ ደብተሯ ላይ አሰፈረች። ከዚያም እንደ ልማዷ ከነጮቹ ሰባቱን መርጣ ስላይድ ላይ አጣበቀች። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ቦታው ያልሆነ ዛጎል ባገኘች ቁጥር ለምስክር ታስቀምጣለች። እንግዶች ነው የምትላቸው፤ የእንግዶች መሳቢያ የሚባል አለ፣ መጋዘኔ ውስጥ፣ ቁልፉ እኔ ጋ። ስላይዱ ጠርዝ ላይ የምትጽፈው ጥልቀቱንና ቀኑን ብቻ ነው፤ ሙሉ ታሪኩ ደብተሩ ላይ ነው። ዛጎል ግን ጥላ አታውቅም። «ይሄን ያህል ዘመን ባሕር የጠበቀውን እኔ ማን ሆኜ ነው የምጥለው» ትል ነበር።

ጥናቱ ታተመ። አዳራሽ ውስጥ ጭብጨባ፣ ኬክ፣ ፎቶግራፍ ሆነ። በረዶው የከደነው ውሃ አምስት ሺህ ዓመት አየር አላየም የሚል ነው ግኝቱ፤ ማንም እንዲህ ያለ ቁጥር አግኝቶ አያውቅም ተባለ። እሷ አዲስ ጫማ አድርጋ የፊት ወንበር ላይ ተቀምጣ ነበር። ሰው ሲበተን ጠጋ ብላ «212ን ተውካት አይደል?» አለችው። «ተይ እንጂ እማ፣ ሥራዬን አላውቅም?» አላት። ጽሑፉ በውጭ ቋንቋ ነው፤ እሷም አላነበበችው፣ ልጇን አመነች። ያመነችው ደግሞ ልክ እጇን እንደምታምነው ነው።

አልተዋትም ነበር። እሷ ላትጥለው 212 ብላ ያሸገችውን ብልቃጥ ከነጮቹ ጋር ለልኬት ልኮታል። የላይኞቹ ትሪ ውስጥ የኋላ ዘመን ልጆች ስለገቡበት የላይኞቹ ዕድሜ አነሰ፤ ከታችኞቹ ጋር ያለው ልዩነት ተለጠጠ። አምስት ሺሁ የመጣው ከዚያ ነው። የሚያበሽቀኝ ምን መሰላችሁ፣ ከላይና ከታች ያሉት ደህና ንብርብሮች ሁለት ሺህ ዓመት ገደማ ነበር የሚሉት። ሁለት ሺህ ዓመት ተከድኖ የኖረ ውሃ በራሱ በቂ ጉድ አይደለም? ለሱ አልበቃውም።

ከሁለት ዓመት በኋላ ሌላ መርከብ እዚያው አካባቢ ቆፍሮ ጭቃ አመጣ። የሌሎቹ ሰዎች ቁጥር ሁለት ሺህ ሆነ። ጥያቄ ተነሳ፤ ኮሚቴ ተቋቋመ። ከ212 የቀረ ጭቃ የለም፣ ሁሉም ለልኬት አልቋል። ደብተሯን ዶክተሩ ለጥናቱ ብሎ ወስዶት ነበር፤ ቢሮ ሲቀይር ጠፋ አለ። ሰኞ ጠዋት ለእሷ ደብዳቤ መጣ።

መጋዘኑ በር ላይ ቆማ አነበበችልኝ። «በለቃሚዋ የዓይን መድከም ምክንያት የሁለቱ ትሪ ዛጎሎች ሳይቀላቀሉ እንዳልቀሩ ስለተጠቆመ፣ ሐሙስ ቀርበው እንዲያስረዱ» ይላል። መጀመሪያ ሳቀች። ቀጥላ ወረቀቱን አራት ቦታ አጥፋ ኪሷ ከተተችው። ጡረታ ልትወጣ አራት ወር ቀርቷታል።

«ማነው የጠቆመው?» አልኳት፣ ደሜ ፈልቶ።

«እንጃ» አለችኝ። «ግድ የለም፤ እንግዶቹ መሳቢያቸው ውስጥ ናቸው። ያዩአቸዋል፣ ያልተበሉ ነጭ መሆናቸውን ያረጋግጣሉ፣ ያበቃል።»

ማን እንደጠቆመ ታውቅ ነበር። የነገረችኝ ግን ሁሉም ካለፈ በኋላ ነው። ያን ቀን ማታ ቤት ለዶክተሩ እራት አቅርባለት ደብዳቤውን ጠረጴዛው ላይ አኖረችው። አላስተባበለም።

«እማ፣ አንድ ወረቀት ላይ መፈረም ነው» አላት። «ዓይኔ ደክሞ ነበር በያቸው። በአራት ወር ትወጫለሽ፤ ማን ምን ያደርግሻል? እኔ ግን ገና መጀመሬ ነው።»

«ከፈረምኩ በኋላ በእኔ እጅ ያለፈውን ማን ያምነዋል? ሠላሳ ዓመት ያነሳሁት ሁሉ እኮ ነው የሚበላሸው።»

«ማንም አያስታውሰውም።»

«እኔ አስታውሰዋለሁ።» ከዚያ ለልጅ እንደሚነገር ለዘብ ብላ ጨመረችበት። «ሰው ይሳሳታል ማሙሽ። ሰባቱ እንግዶች መሳቢያው ውስጥ አሉ፤ ሐሙስ ማሳየቴ አይቀርም። ከዚያ በፊት አንተው ሄደህ ብትናገር ይሻልሃል። ሦስት ቀን አለህ።»

መንገድ ልትሰጠው ነው። ወደ እውነት የሚወስድ መንገድ የሰጠችው መስሏት መሳቢያውን ጠቆመችው።

ረቡዕ ምሳ ሰዓት ላይ መጋዘኑ በር ላይ ቆመ። ካፖርቴን አውልቄ ልወጣ ስል ነው። «ጋሼ በረዶ፣ የእንግዶችን መሳቢያ ቁልፍ ስጠኝ። እማ ናት የላከችኝ፣ ለነገ ስላይዷን ልታዘጋጅ።» ፈገግ ብሏል። ከስድስት ዓመቱ ጀምሮ የማውቀው ፈገግታ ነው። መዝገቡን ላወጣ ብዬ ተውኩት። ልጇ አይደለም እንዴ፣ ለልጅ ምን ፊርማ ያስፈልገዋል ብዬ ቁልፉን ሰጥቼው ምሳዬን ልበላ ሄድኩ። ደህና አድርጌም በላሁ፤ ስመለስ ቁልፉን መለሰልኝ። እሷ ማን እንደጠቆመ ሰኞ ነግራኝ ቢሆን ኖሮ ቁልፉን በአፍንጫው አላስሸትተውም ነበር። እሷ ግን የልጇን ጉድ በሆዷ ይዛ ነበር።

ሐሙስ ጠዋት የክት ሹራቧን ለብሳ መጣች። መሳቢያውን ራሴ ከፍቼ፣ የስላይዱን ሳጥን ሳልከፍተው ተሸክሜ ተከተልኳት። እዚያው ብርሃን ላይ ገልጬ ባየው ምን ነበር? የስብሰባው ክፍል ጠባብ ነው፤ ረጅም ጠረጴዛ፣ ስክሪን የተገጠመለት ማይክሮስኮፕ፣ ሦስት የኮሚቴ ሰዎች። ሰብሳቢዋ ከሌላ ተቋም የመጡ፣ ረጋ ያሉ ሴት ናቸው። ዶክተሩ ፊት ለፊት ተቀምጧል፤ ብሩሹ ደረት ኪሱ ላይ እንደተሰካ ነው። እኔ መዝገቤን ይዤ በሩ አጠገብ።

መጀመሪያ እኔን ጠየቁኝ። ነጮቹን በዓይኔ አይቻለሁ አልኩ። «ዛጎል መለየት ይችላሉ?» አሉኝ ሰብሳቢዋ። ምን ልበል? «አልችልም» አልኩ። ጻፉት።

«ግድ የለም» አለች እትዬ ብሩሽ። «አሁን ራሳችሁ ታዩታላችሁ።» ስላይዱን አውጥታ ማይክሮስኮፑ ሥር አስገባች።

ስክሪኑ ላይ ጥቁር ሳጥኖች መጡ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ እስከ ሰባት። አንዳቸውም ውስጥ ምንም የለም። እኔ እንደ ልማዴ ትንፋሼን ይዤ ነበር፤ መልቀቁን ረሳሁት።

«ባዶ ነው» አሉ ሰብሳቢዋ።

እትዬ ብሩሽ ስክሪኑን ትታ በራሷ ዓይን ልታየው ማይክሮስኮፑ ላይ አጎነበሰች። ብዙ ቆየች። ማጉያውን አንዴ አዞረች፣ ደግማ አዞረች። ቀና ስትል ፊቷ ሌላ ሰው መስሏል።

«አዎ፣ ባዶ ነው» አለች። «ግን እንዴት ባዶ እንደሆነ እዩልኝ። ወረቀቱ አልተጫረም። ሰባቱም ላይ ክብ የውሃ ምልክት አለ። ያነሳው ሰው ብሩሹን አርጥቧል፣ ሃያ ቆጥሯል፣ ወደ ግራ አዙሯል። አልቸኮለም። በዚህ ሕንፃ ውስጥ እንዲህ የሚያነሳ ሁለት ሰው ብቻ ነው። አንዷ እኔ ነኝ።»

ሁለተኛውን አልጠራችም። ያን ጊዜም መንገድ ትታለት ነበር ማለት ነው።

ሁሉም ወደ ዶክተሩ ዞረ። ጉሮሮውን ጠረገ። ዓይኑን በጨው አጥቦ፣ ቀጥ ብሎ አያት።

«እንግዲህ ራስዎ ተናገሩት» አላት። «አንዷ እርስዎ ነዎት። ባዶውን ስላይድ ማስረጃ አለኝ ለማለት ራስዎ አዘጋጅተውት ይሆናል። ወይም አንስተዋቸው ረስተውት ይሆናል። ከዓይን ጋር ማስታወስም ይደክማል።»

እርስዎ አላት። ከስድስት ዓመቱ ጀምሮ ያሳደገችውን፣ ትናንት ማታ እንኳ «እማ፣ ጨው አቀብይኝ» ያላትን ሴት። ጡት ነካሽ ሲባል እሰማ ነበር፤ ሲነክስ በዓይኔ ያየሁት ያን ቀን ነው። እሷ ወንበሩን በእጇ ፈልጋ ተቀመጠች።

«መዝገቡ ምን ይላል?» አሉኝ ሰብሳቢዋ። «መሳቢያውን በቅርብ የከፈተ ሰው አለ?»

መዝገቡን ገለጥኩ። ያ ስላይድ ከገባበት ቀን ወዲህ ማንም አልፈረመም። ሳያስፈርም ቁልፍ የሰጠ ጠባቂ ምን እንደሚጠብቀው አውቃለሁ፤ ደንቡን በር ላይ የለጠፍኩት እኔ ነኝ። እዚህ ላይ ጀግና መስዬ እንድታዩኝ አልፈልግም። ዝም አልኩ። አጭር ጊዜ ነው፣ ግን ዝም አልኩ፤ እሷ ዝም ማለቴን አየች። እስከ ዛሬ የሚቆጠቁጠኝ ያ ነው።

«መዝገቡ ውሸቱን ነው» አልኩ በመጨረሻ። «ረቡዕ ምሳ ሰዓት ቁልፉን ለዶክተሩ ሰጥቼዋለሁ። እማ ናት የላከችኝ አለኝ። ልጇ ነው ብዬ አላስፈረምኩትም።»

«ማንንም አልላክሁም» አለች እሷ፣ ቀስ ብላ።

ዶክተሩ አላስተባበለም። ጠረጴዛው ላይ አቀረቀረ። አንዱ የኮሚቴ ሰው እስክሪብቶውን አስቀመጠ። እኔ አሁን ትጮኽበታለች፣ ለምን እንዲህ አደረግከኝ ትለዋለች ብዬ ጠበቅኩ። እሷ የጠየቀችው ሌላ ነው።

«የት አደረስካቸው?»

ቀና አላለም።

«ሰባቱን ነው የምልህ። የሆነ ቦታ አስቀምጠሃቸዋል አይደል?» ድምፅዋ ውስጥ ተስፋ ነበረ፤ የዛጎል አጣጣል አላስተማረችውማ።

«መታጠቢያው ውስጥ» አለ፣ ሳያያት። «ውሃ ለቀቅኩባቸው።»

ስሟ ሲጎድፍ ያላነባችው ሴት ያኔ አለቀሰች። ድምፅ የለውም፤ እንባው ዝም ብሎ በሹራቧ ላይ ይወርዳል። ሰብሳቢዋ ውሃ ቀዱላት፤ አልነካችውም። ሲበቃት ዓይኗን በመዳፏ ጠርጋ እጇን በጠረጴዛው ላይ ዘረጋችለት።

«ብሩሼን።»

ከደረት ኪሱ አውጥቶ ሰጣት። ጫፉን ወደ መስኮቱ ብርሃን አድርጋ አየችው። ሦስቱም ፀጉሮች አሉ፣ አልተጣመሙም፣ ንጹሕ ናቸው።

«በደንብ ይዘኸዋል» አለችው፤ ቦርሳዋ ውስጥ ከታ ዘጋችው።

ጥናቱ ተሰረዘ። እሱ ሥራውን ለቆ ሌላ ቦታ ሄደ፤ ልብሱን ያወጣ ቀን የቤቱን ቁልፍ በበሩ ሥር አስገብቶላት ነው የሄደው። ለእኔ የመጨረሻ ማስጠንቀቂያ ተጻፈልኝ፤ ይገባኛል። ለእሷ ከስሕተቱ ነፃ ናት የሚል ደብዳቤ ደረሳት። አጣጥፋ የምትወዛወዘው ጠረጴዛዋ እግር ሥር ወሸቀችው። «አሁን ተስተካከለች» አለችኝ፤ ስለ ጠረጴዛዋ ይሁን ስለ ሌላ ነገር አልጠየቅኳትም።

ልትወጣ አንድ ወር ሲቀራት በእሷ ቦታ የምትተካ አዲስ ለቃሚ ተቀጠረች፤ ፈጣን፣ ዓይነ ስል ልጅ ናት። ጠረጴዛው ላይ ሁለት ብሩሽ ስታይ «ይሄኛው የማን ነው እትዬ?» አለቻት።

«የአንድ የማውቀው ልጅ ነበር።»

ልጅቷ ስለ አነሳሷ ሰምታ ኖሯል፤ ሕንፃው ሁሉ ያወራዋል። ከሙጫ ላይ ምንም ሳይጫር እንዴት እንደሚነሳ አሳዪኝ ብላ ለመነቻት። እኔ የጭቃ ቱቦ ይዤ እዚያው ቆሜ ነበር። እትዬ ብሩሽ ብሩሿን ወደ ከንፈሯ አስጠጋች፤ ከዚያ ሳታረጥበው መልሳ አወረደችው።

«ከጎን ገፋ እያደረግሽ አንሺ» አለቻት። «ይጫር። ሰው የነካው ነገር ምልክት ሲተው ነው የሚሻለው።»

ልጅቷ እንደታዘዘችው ገፋ አድርጋ አነሳች፤ ወረቀቱ ተጫረ።